ይታይህ ሙዚቃውን ያላቋረጠበት ዕለት

የጋሼ ይታይህን ሞት የሰማሁት በገዛ ውሸቴ እንደ ባዳ ሆኜ ነው። ስልክ ከጠፋ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር፤ መርዶም ቢሆን የሚደርሰን መንገድ ሲከፈት በመኪና ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ በምሠራባት ምግብ ቤት ምሳ ሳቀርብ፣ አንድ የማላውቀው የሚኒባስ ሹፌር ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ «ምድር ቤት ትሠራ የነበረችው እማዋይሽ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

በዚህ ዘመን ስሜን የሚጠራ እንግዳ ሰው ለደግ ነገር የመጣ አይመስለኝም። ማን ላከው? ምን አደረግኩ? ማን ምን ብሎ አወራብኝ? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አስቤ፣ «አይደለሁም» አልኩት።

«እንግዲያው ካወቅሻት ንገሪያት። ዲጄው ይታይህ ደብረ ኤልያስ እህቱ ቤት አርፏል። ስኳሩ ነው አሉ፤ መድኃኒቱም አልቆበት ነበር። ከተቀበረ ዛሬ ሦስት ቀኑ ነው። እህትየው ናቸው አደራ ያሉኝ።»

«እሺ፣ ካገኘኋት እነግራታለሁ» ብዬ ሳህኑን አነሳሁ። ጓዳ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ያለቀስኩት። ድምፅ አውጥቼ እንዳላለቅስ ሹፌሩ ገና ሻይ እየጠጣ ነበር። ይታይህ ይህን ቢያይ ኖሮ ሆዱን ይዞ ይስቅብኝ ነበር።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ይህ ከመነሻው ይታወቅልኝ። በር ሲንኳኳ መጀመሪያ መብራት የማጠፋ፣ ከዚያ «ማነው?» የምል ሰው ነኝ። ስለዚህ ከይታይህ ጋር ስድስት ዓመት መሥራቴን የሚሰማ ሁሉ ይገርመዋል፤ በከተማችን ስለሱ የሚወራው ሌላ ነውና። የሚወራውን አውቃለሁ። የማይወራውንም አንዱን አውቃለሁ፤ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ይታይህ የደብረ ኤልያስ መሪጌታ ልጅ ነው። ልጅ ሆኖ ዜማ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ጠፍቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ከአዲስ አበባም በኬንያ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ደረሰና አሥራ ሁለት ዓመት ሱቅ ነገደ። ሱቁ ከአንድ መጠጥ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራ ስለነበር ሃውስ የሚሉት ሙዚቃ ሲመታ ያድራል። መጀመሪያ ጠላው፤ ከዚያ ለመደው፤ በመጨረሻ ሱቁን ዘግቶ ግድግዳውን ዞሮ ገባ። አገሩ ሲመለስ ዘመድ አዝማድ ሻንጣውን ከቦ ቆመ አሉ። ሲከፈት የወጣው ሁለት ማጫወቻ፣ አንድ ሚክሰር የሚባል የድምፅ ማደባለቂያና ሻንጣ ሙሉ ሲዲ ነው። አንዲት አክስቱ ሲዲውን በእጃቸው ገለባብጠው፣ «ልጄ፣ ይሄ ይበላል?» ብለው ጠየቁት። ይህን እሱ ራሱ እየሳቀ ነው የሚነግረን።

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ የሕንፃ ዕቃ መደብር ሥር ያለ፣ ሲሚንቶ ይቀመጥበት የነበረ ክፍል ተከራየ። መስኮት የለውም። መውጫው አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ስም አላወጣለትም፤ ሰው ራሱ ምድር ቤት አለውና ምድር ቤት ሆኖ ቀረ። እኔን ባንኮኒ ላይ አቆመኝ። የሱ ጠረጴዛ ከኔ ባንኮኒ አምስት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ቀን፣ «እርስዎ ምን ይጠጣሉ?» ስለው እንደ መደንገጥ አለ።

«አንተ በይኝ፣ እማዋይ። አንቱ ለሚባል ዲጄ ማን ይጨፍርለታል?»

እኔም «ጋሼ» እና «አንተ»ን አንድ ላይ አጣብቄ ጠራሁት። እስከ መጨረሻው እንደዚያው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀልድ ነበሩ። ሰው ገብቶ ቢራውን ይዞ ቁጭ ይላል፤ ይጠብቃል። አንድ ማታ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብሎ፣ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለኝ።

«ዘፋኝ የለውም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ መግቢያ ነው?»

ይታይህ ይህን ስነግረው አልተናደደም። ለሁለት ሳምንት ሰውን ብቻ ተመለከተ። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋለ፤ እግራቸው አይንቀሳቀስም፣ ትከሻቸው ግን ሳያውቁት ንቅንቅ ይላል። ጎጃሜ ትከሻውን ማሰር አይሆንለትም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ሲጀምር በጣም ቀስ አድርጎ፣ ከበሮውን ከሩቅ አምጥቶ፣ ለአርባ ደቂቃ ያህል ሳይቸኩል ማጫወት ያዘ። ድምፁ እያደገ ሲመጣ ትከሻው ይነሣል፤ ትከሻ ከተነሣ ወንበር ይቀራል። «አባቴ ማሕሌት ቆመው አይተሽ ቢሆን ይገባሽ ነበር» አለኝ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መጀመሪያ መወዛወዝ ብቻ ነው። ከበሮው የሚነሣው ሰውነት ሲፈቅድ ነው።» ወዲያው አማተበ፤ «እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከዚህ ጋር ማነጻጸሬ!» ከዚያ በኋላ ደግሞ ሲያነሣው ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ከባሕር ዳር ድረስ ቅዳሜን ጠብቆ የሚመጣው ሁሉ ያንን ደረጃ እየወረደ ገባ። በሃውስ ምት እስክስታ ሲወርድ አይታችሁ ካላወቃችሁ አልነግራችሁም፤ መታየት አለበት። ዐቢይ ጾም ሲገባ ይታይህ ስፒከሮቹን አቡጀዲ አልብሶ ይዘጋል፤ እሱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ሲፈታ እንደ ገና ይከፍታል። ያን ጊዜ የቤቱ ዕድሜ የሚያልቅ አይመስለንም ነበር።

ሁለት ልማድ ነበረው። አንደኛው የብርጭቆ ውሃ ነው። ባንኮኒው ጫፍ ላይ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ ያስቀምጥና ሙዚቃው ሲመታ የውሃውን ፊት ያያል። «ይንቀጥቀጥ፣ እንዳይፈስ» ይለኛል። ከፈሰሰ ቤዙ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ በዝቷል ማለት ነው፤ ካልተንቀጠቀጠም ሰው አይጨፍርም። እኔም ውሃውን መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። ከስድስት ዓመት በኋላ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ ጠብታ ሳላንጠባጥብ ከጓዳ እስከ በር መውሰድ እችላለሁ፤ ከዚያ ቤት ያተረፍኩት ሙያ ይህ ነው።

ሁለተኛው፣ ሙዚቃን በድንገት አያቋርጥም። «አይቆረጥም፣ ይቀነሳል» ይላል። መብራት ቢጠፋ ብሎ ባትሪ አስገጥሞ ነበር። አንድ ቀን ሽቦ ጠልፎኝ ሶኬቱ ሲነቀል ቤቱ ድርግም ብሎ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ደረጃው ዞሮ አየ። ይታይህ ዘሎ ሰካው፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ያን ቀን ብቻ ነው ሲቆጣኝ ያየሁት። ኋላ ይቅርታ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነገረኝ፤ እዚያ አገር በዚያ መጠጥ ቤት ጠብ ተነሥቶ አንዱ ሙዚቃውን ሲያጠፋው ሰዉ የሆነው ነገር ስላልገባው ወደ በሩ ሮጠ። አንዲት ልጅ ከእግር ሥር ቀረች። ይታይህ ከሱቁ ወጥቶ ካነሷት ሰዎች አንዱ ነበር። «ጸጥታው ነው የገደላት» አለኝ። «ሰው ቤቱ ጸጥ ሲልበት ነው የሚሮጠው፣ እማዋይ።»

ክፉው ዘመን ከመምጣቱ በፊት ግን ቤታችን መጀመሪያ የተዳከመው በሌላ ምክንያት ነው። ተማሪው ጭፈራውን በስልኩ ማየት ያዘ፤ አዲስ የመጣው ወጣት ሃውስን «የጋሼዎች ሙዚቃ» ይለው ጀመር። ይታይህ በዚህ ከመናደድ ይልቅ ይስቅ ነበር፤ «አረጀሁ ማለት ነው፤ እንግዲህ አንቱ በይኝ!» ይለኛል። ከዚያ ግን ተኩሱ መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። ኔትወርክ ጠፋ። ማታ የሚሠራ ቤት ሁሉ ተዘጋ፤ ምድር ቤትም ተዘግቶ ከረመ።

እኔ እዚያ ላይ ያበቃለት መስሎኝ ነበር። ሆዴ ውስጥ እንኳን ደስ ያለሽ የሚለኝ ነገር ነበር፤ ከዚያ ጉድጓድ ስለወጣሁ። እሱ ግን አንድ ጠዋት ቤቴ መጣና፣ «በቀን እንከፍታለን» አለኝ።

«በቀን? ጋሼ፣ አብደሃል?»

«ከስምንት እስከ አሥር ተኩል። ሰው ቤቱ ተቀምጦ በፍርሃት ሊያብድ ነው። እኔም ጭምር።»

የመጨረሻዋን ቃል ያኔ ልብ አላልኳትም።

ግድግዳውን በሙሉ በስፖንጅ ፍራሽ ሸፈነው። ውጭ ቆሜ አዳመጥኩ፤ ምንም አይሰማም። ይህ ለሙዚቃው ጥሩ ነበር፤ እኔን ያስፈራኝ ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ ከውጭ የሚሆነውም ወደ ውስጥ አይሰማም። ነገርኩት። እሱም አስቦበት ኖሮ ከላይ ከብረቱ በር ሥር ማብሪያ አስገጥሞ ሽቦውን ወደ ታች ሳበው፤ ጫፉ ላይ ቀይ አምፖል አንጠለጠለ። አምፖሉን ከሱ ጠረጴዛና ከኔ ባንኮኒ በቀር ከየትም ማየት አይቻልም። ዘበኛችን አያ አለኸኝ፣ ጆሯቸው ንቁ የሆነ ሽማግሌ፣ በሩ ላይ ቁጭ ብለው መንገዱን ይጠብቃሉ። የሚያሰጋ ነገር ከመጣ ማብሪያውን ይጫናሉ፤ ሲያልፍ ያጠፉታል። እስከዚያ ማንም አይወጣም። «ሲበራ ምን እናደርጋለን?» አልኩት። «እንቀንሳለን» አለኝ።

ሴቶቹ ነጠላ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ይመጣሉ፤ ወንዶቹ አንድ አንድ እያሉ ዕቃ ሊገዙ እንደመጡ መደብሩን ዞረው ይገባሉ። በጠራራ ፀሐይ ከላይ ሲወርዱ ዓይናቸው እስኪለምድ ግድግዳ ይዘው ይቆማሉ። እኔ እያንዳንዱ ሰው በገባ ቁጥር እቆጥራለሁ፤ ያ ሁሉ ሰው በዚያ በጠባቡ ደረጃ ሲወጣ ይታየኛል። እጄ ቢራ ይከፍታል፣ ዓይኔ አምፖሉ ላይ ነው። ለአራት ወር አልበራም።

ዕለቱ ጾሙ ተፈትቶ መጀመሪያ የከፈትንበት ቅዳሜ ነበር። ሰው ቤቱ ናፍቆት ከርሞ ስልሳ ያህል ሆኖ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ጦፎ ሳለ ከሰዉ መሐል ታናሽ እህቴን ትዕግሥትን አየኋት። ቤት ሆኜ አጠናለሁ ብላኝ ነበር። ደብተሯን ብብቷ ሥር እንደያዘች ትከሻዋን ትሰብቃለች። ቆንጥጬ ላስወጣት ከባንኮኒው ልወጣ ስል ብርጭቆው ላይ ዓይኔ አረፈ።

ውሃው ከምቱ ጋር አልነበረም። ስድስት ዓመት ሙሉ ያየሁት ውሃ ነው፤ ሙዚቃው ሲመታ ይንቀጠቀጣል፣ ሲተው ይተዋል። አሁን ግን ምቱ ሳይኖር ዘለለ። ቆየና እንደ ገና ዘለለ፤ ጠብታ ወጥቶ ባንኮኒው ላይ ፈሰሰ። ከምድር የመጣ ከባድ ነገር ነው። ቀና ስል ቀዩ አምፖል በርቷል።

ልጮህ አፌን ከፍቼ ይታይህን አየሁት። እሱም አምፖሉን አይቶ ነበር። ቀጥሎ እኔን አየኝ፤ ግራ እጁን ደረቱ ድረስ አነሣና መዳፉን ከፍቶ ወደኔ ዘረጋው። ባለሽበት ሁኚ፣ ተረጋጊ ማለቱ ነው። አፌን ዘጋሁ። ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ቀረሁ።

ሙዚቃው አልተቋረጠም። ቀኝ እጁ የድምፁ ማዞሪያ ላይ ነበር፤ ሲዞር ግን አይታይም። አንዱን ሙዚቃ ከሌላው እያጋጠመ፣ እያንዳንዱን ካለፈው ቀሰስ ያለ እያደረገ ወሰዳቸው። ሰው እየጨፈረ ነው። አንዱ መጥቶ «ሁለት ቢራ» አለኝ፤ ከፈትኩለት። ትዕግሥት እየሳቀች እጇን ታውለበልብልኛለች፤ እኔም አውለበለብኩላት። አምስት ሰው ደረጃውን መውጣት ቢጀምር፣ አንድ ሰው ብቻ «ተኩስ!» ቢል፣ ስልሳው ሰው ወደዚያች ቀዳዳ ይሮጣል፤ ትዕግሥት ከደረጃው በጣም ርቃ ነበር፤ ትንሽ ናት፣ ክብደት የላትም። እመብርሃንን እየጠራሁ አምፖሉን አየዋለሁ፤ አይጠፋም። አንድ ጎረምሳ ሊወጣ ደረጃውን ሲጀምር አያ አለኸኝ የብረቱን በር ዘግተው ከደረጃው አናት፣ «መታወቂያ የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ትንሽ ቆይ፣ ልጄ» ሲሉት ሰማሁ። ድምፃቸው ምንም አይልም። ልጁ ተመለሰ።

እንዲህ ሆኖ አንድ ሰዓት ከሩብ አለፈ። ሙዚቃው አንሶ አንሶ ሰው የገዛ ጫማውን ኮቴ ይሰማ ጀመር። ማንም «ለምን ቀነስክ?» አላለም፤ የደከማቸው መስሏቸው አንድ አንድ እያሉ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አምፖሉ ጠፋ። ይታይህ ማዞሪያውን ዜሮ ላይ አደረሰና በአፉ ተናገረ።

«ላይ ተኩስ ነበር፤ አሁን በርዷል። ማንም አይሮጥም። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ፣ ሩቅ ሠፈር ያላችሁ መጀመሪያ።»

አንድ ሰው አልሮጠም። የተቀመጠ ሰው ለመሮጥ መጀመሪያ መነሣት አለበት። ሁለት ሁለት እየሆኑ ወጡ፤ አያ አለኸኝ በግድግዳው ጥግ እያስያዙ ሸኟቸው። እኔ ትዕግሥትን ይዤ ስወጣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው የመብራት እንጨት ሦስት ቦታ ተበስቷል፤ የመደብሩ መስታወት መንገዱ ላይ ፈሷል። በዚያ በር ሮጠን ብንወጣ ኖሮ የምንደርሰው እዚያ ነበር።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ስልሳ ሰው ያተረፈ ጀግና» አለው። ግማሹ ደግሞ፣ የአንዲት ልጅ አባት ቤቱ ድረስ መጥተው እንዳሉት፣ «ልጄን በጥይት ላይ አስጨፈርካት!» አለው። ይታይህ በነጋታው ስፒከሮቹን አቡጀዲ አለበሳቸው፤ ሁለተኛ አልገለጣቸውም። የምድር ቤት ነገር በዚሁ አበቃ። አሁን ሲሚንቶ ተመልሶ ገብቶበታል።

እኔ ግን ያን ዕለት እንደ ታቦት ተሸከምኩት። በፈራሁ ቁጥር፣ ይህም ማለት በየቀኑ፣ ያችን የተዘረጋች መዳፍ አስባለሁ። ሌሊት ውሻ ሲጮህ፣ ትዕግሥት ስትዘገይ፣ መዳፉን አየውና ተረጋጊ እላለሁ ለራሴ። እውነቴን ነው፤ ይረዳኝ ነበር።

ደብረ ኤልያስ ከመሄዱ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤቱ መጣ። ከስቷል፤ ልብሱ ሰፍቶታል። ሻይ አቀረብኩለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ጓዳ ውስጥ የድስት ክዳን ወደቀ። ይታይህ ከወንበሩ ተንሸራቶ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ያ ይታይህ። ሲወጣ ላየው አፍሬ ወደ መንገዱ ዞርኩ።

«ስፒከሩን ለምን እንዳልከፈትኩ ታውቂያለሽ?» አለኝ ሲቀመጥ። «ሞክሬ ነበር፤ ቤቴ፣ ለብቻዬ። ከበሮው ዱም ሲል ልቤ ይወርዳል። ያ ሁሉ ሲዲ፣ እማዋይ! አሥራ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ሁሉ ተኩስ ሆኖብኛል።»

«ያን ቀን ግን አልፈራህም።»

ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። «ያን ቀን እግሬ ከዳኝ። አምፖሉን ሳይ ከወገቤ በታች የለሁም። ጠረጴዛውን ብለቅ እወድቃለሁ። ልንገራቸው ብልም ድምፅ አይወጣኝም። ጣቴ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ እሱ ሥራውን ያውቃል፣ ቀነሰ።»

«መዳፍህን ግን…»

«እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁ።» አላየኝም። «ተረጋጊ ማለቴ አልነበረም። ነይ ያዥኝ ማለቴ ነበር።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የተደገፍኩበት ግድግዳ እኔን ሊደገፍ ሲለምነኝ ኖሯል። «ታዲያ ስልሳ ሰው የተረፈው አንተ ስለፈራህ ነው?» አልኩት፤ ክፉ ቃል እንደሆነ አፌ ላይ እያለ አውቄዋለሁ።

«እንጃ» አለኝ። «አንድ ሰው እንዲያውቅልኝ ብቻ ነው የፈለግኩ። ጀግና ሲሉኝ ብቻዬን እሆናለሁ።»

ሻዩን ጨርሶ ሄደ። አቅፌው አልሸኘሁትም። ከንዴቴ ስመለስ የታየኝ አንድ ነገር ነው፤ አምስት እርምጃ ነበርኩ። አምስት እርምጃ ብራመድ ያን አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻውን አይቆመውም ነበር። ይህን ልነግረው እያሰብኩ ሳለ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ጠፋ፣ ከዚያም ሹፌሩ መጣ።

መንገድ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ደብረ ኤልያስ ሄድኩ። በየኬላው ስንወርድና ስንሳፈር የጸለይኩትን ጸሎት ዘንድሮ አልደግመውም። በእህቱ በእትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ድንኳን ተጥሏል፤ ሰው መሬትም አግዳሚም ላይ ተቀምጧል። ማንነቴን ስናገር፣ በዚህ ጊዜስ አልዋሸሁም፣ እቅፍ አድርገው ለለቀስተኛው አስተዋወቁኝ። «አብራው የነበረች ናት! ያን ቀን!»

«እውነት ሳይደነግጥ ነው ያወጣችሁ?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸው ይለምነኛል። አዎ ብል ይታይህን እንደ ገና ብቻውን ላቆመው ነው፤ አይደለም ብል በእህቱ ፊት፣ በድንኳኑ ውስጥ ጀግናቸውን ላፈርስባቸው ነው። አንዱንም አልቻልኩ። «ሻይ ልቅዳ» ብዬ ማንቆርቆሪያውን አነሣሁ፤ ሠራተኛ ሰው መሸሸጊያ አያጣም።

ሦስተኛውን ብርጭቆ ስቀዳ ከግቢው ውጭ ጓ! አለ።

የጭነት መኪና ጎማ ነው የፈነዳው፤ ኋላ ነው ያወቅነው። ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሁሉ መሬት ላይ ተዘረረ፤ አግዳሚው ተገለበጠ፤ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ሳቡ። እኔ ብቻ ቆሜያለሁ። ወዴት ልሂድ? ከወገቤ በታች የለሁም። ቀኝ እጄ መቅዳቱን ቀጠለ፤ ሻዩ እስከ ብርጭቆው አፍ ደርሶ ቆመ፤ ጠብታ አልፈሰሰም።

ሰዉ አንድ አንድ እያለ አቧራውን አራግፎ ተነሣ። ሽማግሌው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አያችኋት? ንቅንቅ አላለችም! ጭራሽ በእጇ አይዟችሁ ትለናለች። ከማን ተምራ!»

ወደ ታች አየሁ። ግራ እጄ ደረቴ ድረስ ተነሥቶ መዳፉ ተከፍቶ ወደ ሰዉ ተዘርግቷል። መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።

«አይዟችሁ ማለቴ አይደለም» አልኩ፤ ድምፄን እኔ ራሴ አላወቅኩትም። «እትዬ፣ ያዙኝ። እግሬ ከድቶኛል። እሱም ያን ቀን እንዲህ ነበር፤ ያዥኝ ነበር ያለኝ፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ከኔ አምስት እርምጃ ያህል ይርቁ ነበር። መጥተው ያዙኝ።